አጋሮ ላይ የሰማሁት ቃል

ሻይ ፉት ማለት ይሁን ከንፈር መምጠጥ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ለይቼ አላውቀውም።

ሐምሌ ነበር፣ በሁለት ሺህ ስድስት። አጋሮ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ የጅማ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች በኦሮምኛ ያወራሉ። ፊታቸውን አላየሁም። አንዱ ድምፁ ሻካራ ነው፤ ሌላውን ሳል ያቋርጠዋል። ተይዘው ከባሕር ማዶ የተመለሱ መሆናቸው ከወሬያቸው ገባኝ፤ ኦቦክ ይላሉ፣ ጀልባ ይላሉ፣ ደላላ ይረግማሉ።

"አባ ባርጩማ ትዝ ይልሃል?" አለ ባለሻካራ ድምፁ። የወንበሩ ጌታ እንደማለት ነው።

"የጅማው? ሻይ ቤት በገባ ቁጥር ወንበሩን ገልብጦ ሥሩን የሚያየው?"

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው ፈገግ አልኩ፤ በዓለም ላይ እንዲያ የሚያደርግ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነበርና። ከዚያ ሳሉ መጣ፣ ዝናቡም ባሰበት፤ ከመሐል ያለውን ወሬ ቆርቆሮው ወሰደብኝ። ወይም እኔ ረስቼው ይሆናል፤ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጥርት ብሎ የደረሰኝ የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው፤ "ሊጤ" የሚል። ከእሱ ቀጥሎ ያ ድምፅ ተሰማ። አጭር፣ እርጥብ፣ ከጥርስና ከከንፈር መሐል የሚወጣ። ትኩስ ሻይ የሚስብ ሰው እንዲያ ያሰማል። ያዘነም ሰው እንዲያ ያሰማል።

ረዳቱ "ጅማ፣ ጅማ፣ የሞላ!" እያለ ተጣራ። ዞር ብዬ "ወንድሞቼ፣ ስለ ማን ነው የምታወሩት?" ማለት ስችል፣ የሻዬን ሂሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ኦሮምኛ ለማይሰማ ሰው ላስረዳ። ሊጤ ማለት ገባ ማለት ነው። ሊጤ ማለት ሰጠመም ማለት ነው። የፀሐይ መጥለቅም የሚነገረው በዚያው ቃል ነው። ጅማ አካባቢ ቤት ለገባ ሰው ሌላ ቃል አለ፤ ሊጤን ለገባ የሚሉም ግን አይጠፉም፤ ነገሩ እንደየአገሩ ነው። የእነዚያን ሰዎች አገር ደግሞ አልጠየቅኩም።

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ ዓለምብርሃን እባላለሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት መሥሪያ ቤት የሚለጥፈውን ማስታወቂያ እያነበብኩና ሰው ሲያወራ እየሰማሁ ነው። ከአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ሱቅ በረንዳ ሥር አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ። ሰው ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረውን ሦስት መስመር ከመናገሩ በፊት ለአንድ ሰዓት ሌላ ሌላ ነገር ያወራል፤ ያንን ሳላቋርጥ ስለምሰማ ነው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው። በጆሮዬ ይታመናሉ። የሚከብደኝ ይኸው ነው።

ወንበር ገልባጩ ሰው ሸኩር ነው። እሱና ሚስቱ ሀዋ ልጆች ሆነው ከስልጤ አገር መጥተው ጅማ ያደጉ ናቸው። መንደራ ቆጪ ውስጥ፣ ከከተማው በተከራዩት የቆርቆሮ ሼድ፣ የሠርግና የለቅሶ ዕቃ ያከራያሉ፤ ድንኳን፣ ትልልቅ ድስት፣ ሳህን፣ ከሁሉ ይልቅ የፕላስቲክ ወንበር። ወንበር ከድግስ ድግስ ሲዞር ከሌላው ሰው ወንበር ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ሸኩር እያንዳንዱን ገልብጦ ሥሩ ላይ በቀይ ቀለም "ሸ" ብሎ ይጽፍበታል። በኋላ ልማድ ሆነበት። ክሊኒክም ቢሄድ፣ ምሳ ቤትም ቢገባ፣ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ገልበጥ አድርጎ ያያል። ሰው ሲስቅበት "ጠፍተው የቀሩ ልጆች አሉኝ" ይላል። ከወንበሮቹ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

በሁለት ሺህ አምስት፣ ዕቃ መጫኛ አይሱዙ ለመግዛት ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሄደ። ከጅቡቲው የባሕር ወደብ ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደወለ። "ነገ ማታ እንሻገራለን፤ ዱዓ አድርጊልኝ" አላት። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

ከአጋሮ የተመለስኩ ዕለት በቀጥታ ወደ ሼዱ ሄድኩ። ሀዋ ድስት ታጥባለች። ስታየኝ ቆመች፤ ያን ጊዜ ሰው በመጣ ቁጥር ትቆም ነበር።

"ሀዋ፣ አጋሮ ላይ ስለ ሸኩር ሲወራ ሰማሁ።"

"ምን አሉ?"

"ገብቷል።"

"ሳዑዲ?"

"ገብቷል ነው ያሉት።"

"አልሃምዱሊላህ" አለችና ቁጭ አለች፤ እጇ እንደረጠበ ፊቷን ሸፈነች።

በአማርኛ ነገርኳት። ኦሮምኛውን እንዳለ ብነግራት ኖሮ እሷም የገበያ ሰው ናት፣ ራሷ ትመዝነው ነበር። እኔ ግን ከአጋሮ እስከ ጅማ መንገዱን ሁሉ፣ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተደግፌ፣ ቃሉን ስተረጉመው መጣሁ። ሁለት ትርጉም ካለው ቃል አንዱን መረጥኩላት። ውሸታም አይደለሁም እያልኩ ራሴን አሳመንኩ፤ ገባ ማለትም ነዋ።

በማግስቱ አንድ አረንጓዴ ወንበር ላከችልኝ። "ያንን ወሬ ላመጣልኝ ሰው መቀመጫ ትሁነው" ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰውን ሁሉ ማመልከቻ የጻፍኩት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከሥሬ "ሸ" ተጽፎ።

ዓመታት ሄዱ። የመንደሩ ሴቶች በመጀመሪያ በቀስታ፣ በኋላ በግልጽ ይመክሯት ጀመር፤ ገና ወጣት ነሽ፣ አግቢ፣ ውለጂ። "ባለቤቴ ገብቷል" ትላለች። ታዲያ ለምን አይደውልም ሲሏት "የታሰረ ሰው ስልክ አለው? ጋሽ ዓለም በጆሯቸው ሰምተዋል" ትላለች። ስሜን ስትጠራ እዚያው ካለሁ ወረቀቴን አስተካክላለሁ።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ ኮሌጆቹ ተዘጉ፤ ከተማዋ ድምፅ አጣች። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሙስሊሙ ሠርግ ከረመዳን በፊት፣ የክርስቲያኑ ከፋሲካ በኋላ ነበር የሚደገሰው፤ ሁለቱም ቀሩ። ሰው ይሞታል፤ ድንኳን ግን አይተከልም። ሀዋ በሁለት ወር ውስጥ አንዲት ወንበር አላከራየችም። የድስቶቹን ግማሽ ሸጠች። ወንበሮቹን አንድ የሊሙ ነጋዴ በጅምላ ሊወስዳቸው ጠየቃት፤ እምቢ አለችው።

እንዲህ እያለ የድጋፉ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በወረርሽኙ ሥራቸው ለቆመ ትንንሽ ነጋዴዎች የሦስት ወር የሼድ ኪራይ ይነሣላቸዋል፤ ሥራ ማስቀጠያ ገንዘብም ይሰጣቸዋል። ስሙ እስከ ዓርብ ግንቦት ሰባት እኩለ ቀን ያልገባ ሰው ግን ሼዱን ያስረክባል፤ ቦታው ማስክ ለሚሰፉ ማኅበራት ተፈልጓል። ማስታወቂያውን ሰው ከቦ እንዳያነብ ስለተከለከለ፣ አራት አራት እየሆኑ ሲቆሙ እኔ በጩኸት አነበብኩላቸው። ሀዋም ሰማች። ደስ ብሏት ነበር፤ ከማስኳ በላይ ዓይኗ ያስታውቃል።

ጉዳዩን ይዘን ወደ ሌንሳ ሄድን። ሌንሳ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ባለጉዳይ የማታመናጭቅ ልጅ። መስኮቱ ላይ ፕላስቲክ ስለተወጠረ ድምፅዋ እንደ ሬዲዮ ነው የሚሰማው። የንግድ ፈቃዱን አገላብጣ አየችው።

"ጋሽዬ፣ ይኼ እኮ በአቶ ሸኩር ስም ነው።"

"ባሏ ነው። በየዓመቱ ግብሩን የምትከፍለውና የምታሳድሰው እሷ ናት።"

"እሱን አላጣሁትም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ግን ድጋፉ ላይ ባለፈቃዱ ራሱ ይቅረብ ነው የሚለው። ካልሆነ ውክልና።"

ሀዋ ከቦርሳዋ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። ሸኩር ሲሄድ በእጁ የጻፈላት ነው፤ ሥራውን ለሚስቴ ሰጥቻለሁ የሚል። ማኅተም የለውም። ሌንሳ አነበበችው፤ ቀስ ብላ አጥፋ መለሰችላት።

"ጠፍቷል ብላ ብታመለክትስ?" አልኳት።

"የጠፋን ሰው ጠፍቷል የሚለው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በከፊል ዝግ ነው፤ ወራት ይፈጃል። የሞተ ከሆነ ግን…" ሀዋን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የሞተ ከሆነ ኮሚቴው የሦስት ሰው ምስክርነት ይቀበላል፤ ሚስት ትተካለች። ፎርሙ ይኸውላችሁ።"

ሀዋ ፎርሙን አልተቀበለችም። እኔ ተቀበልኩ።

በረንዳው ሥር ሶሬሳ እየጠበቀን ነበር። የሀዋን ዕቃ የሚያመላልስ ባለባጃጅ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ጫኑ ከተባለ ወዲህ እሱም ሥራ ፈትቷል። ነገሩን ስነግረው ወዲያው እስክሪብቶዬን አነሣ።

"የት ጋ ነው የምፈርመው?"

"ቆይ እስኪ፤ ምን ብለህ ልትመሰክር ነው?"

"ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ሞቷል ብዬ ነዋ። ሰውዬው በሕይወት ካለና ከተናደደ መጥቶ ይክሰሰኝ፤ ሀዋ ደስታዋ፣ የኔም ደስታ። ካልመጣ ደግሞ እውነት መሰከርኩ ማለት ነው።"

"እዚህ ጋ እንዴት አወቃችሁ የሚል ጥያቄ አለ።"

ሶሬሳ ፎርሙን አስጠግቶ አየው። "በሕልሜ አየሁት ብዬ ልጻፍ?" አለ። ሀዋ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን አልሳቀችም። "አልፈልግም" ብላ ፀሐዩ ውስጥ ገብታ ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት ፎርሙን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ እኔም በራሴ ጊዜ ቁቤ ተምሬ ስጽፍበት ኖሬያለሁ። እንዴት አወቃችሁ ከሚለው ጥያቄ ሥር አምስት ባዶ መስመር አለ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ለዚያ ጥያቄ መልስ ያለው አንድ ሰው ነው። መልሱን ለመጻፍ ደግሞ የሰማሁትን በሰማሁበት ቋንቋ ማስፈር አለብኝ። በአማርኛ ስድስት ዓመት ያስቀመጥኩት ቃል በኦሮምኛ መደበቂያ የለውም። እስክሪብቶዬን አንሥቼ አስቀመጥኩ።

ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ቅዳሴው በር ተዘግቶ ስለሚቀደስ፣ እንደ ብዙ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ከመሐል ምንም ቃል አይሰማም፤ ዜማው ብቻ ነው የሚመጣው። ሰምቼ ያልጨረስኩትን ነገር ለሌላ ሰው ጨርሼ መስጠቴን እዚያ ቆሜ ለእግዚአብሔር ነገርኩ። ለእሱ መናገር ቀላል ነው፤ ያውቀዋልና።

ማክሰኞ ወደ ሼዱ ሄድኩ።

ወንበሮቹ እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል። ሀዋ ከፊታቸው ባልዲ አስቀምጣ አንድ በአንድ እያወረደች በሳሙና ታጥባለች።

"ማን ሊቀመጥበት ነው ሀዋ?"

"አቧራው ነዋ የተቀመጠበት" አለች። "ይግቡ ጋሽ ዓለም። ጾም ላይ ነኝ፤ ሻይ አላፈላልዎትም።"

ወንበር ሰጠችኝ። ከመቀመጤ በፊት ሳላስበው ገልበጥ አደረግኩት። አይታኝ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።

"ሶሬሳ ትናንት ሲጨቀጭቀኝ ዋለ" አለች። "ሦስት ሰው ብቻ ነው፣ ሜ፣ እባክሽ፣ ተይ ግትርነትሽን ይለኛል። እኔ ገንዘቡን ጠልቼ አይደለም። ቤቱ ከሄደ ወንበሮቹ ይሄዳሉ። ወንበሮቹ ከሄዱ ሸኩር ሲመጣ ምን ላይ ይቀመጣል? ግን ደግሞ የገባን ሰው ሞቷል ብዬ ብፈርም፣ ነገ ቢደውል ምን እለዋለሁ? ወንበርህን ላድን ብዬ ገደልኩህ ልበለው?"

"ስለሱ ነው የመጣሁት።"

"ሊመክሩኝ ከሆነ—"

"ልመክርሽ አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት የነገርኩሽን ላስተካክል ነው።" ማስኬን አወረድኩ፤ በማስክ ውስጥ ሆኜ መናገር ነውር መሰለኝ። "አጋሮ ላይ ሰዎቹ ገብቷል አላሉም። በኦሮምኛ ነበር የሚያወሩት። ሊጤ ነው ያሉት።"

እጇ ባልዲው ውስጥ ቆመ። መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ።

"ሊጤ" አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። ቃሉን እንደ ወንበር ገልብጣ ሥሩን ያየችው መሰለኝ። "ከዚያስ?"

"ከዚያ አንደኛው ሻይ ፉት አለ። ወይም ከንፈሩን መጠጠ።"

"ሻይ ነው ወይስ ከንፈር?"

"አላውቅም።"

"አልዞሩም?"

"አልዞርኩም።"

"ለምን?"

"መኪናው ሞላ ሲሉኝ—"

"ሌላ መኪና አልነበረም?"

"ነበረ።"

ራሷን ነቀነቀች፤ የነገርኳትን በየመልኩ የምታስቀምጥ ይመስል። አንዲት እንባ አልወጣትም። ሳሙናውን ከእጇ በቀሚሷ ጠረገች።

"በየሶላቱ ስምዎን እጠራለሁ" አለች። "ያ ረቢ፣ ያንን ወሬ ያመጣልኝን ሰው ጤና ስጠው እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ። ይህን እያወቁ ቤትዎ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው?"

"ሀዋ፣ ይቅር በይኝ።"

"አሁን ይሂዱልኝ ጋሽ ዓለም። ተናድጄ አይደለም። ብቻዬን ልሁን።"

ረቡዕ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ ዋልኩ። አረንጓዴዋ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሶሬሳ መጥቶ "ጋሼ፣ ኮሮና መቀመጥንም ከለከለ እንዴ?" አለኝ። እሱም አጠገቤ ቆመ። በእሱ አገር ሊጤ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቀው አሰብኩ፤ ተውኩት። የሚመልሰውን አውቀው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ሀዋ መጣች። ጥቁር ሻሽ አላሰረችም፤ የወትሮውን ልብሷን ነው የለበሰችው። ጎረቤቷ ውብነሽ አብራት ነበረች፤ ጎመንና ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ሸኩርን ከልጅነቱ የምታውቅ ሴት። ሀዋ ቆሜ ስታየኝ ወንበሩን በዓይኗ አመለከተች።

"ይቀመጡ እንጂ። የሰጠሁትን ነገር አልቀማም።"

ተቀመጥኩ። እሷም ከፊቴ የባለጉዳይ መቀመጫ ላይ አረፍ አለች።

"ሼኹን በስልክ ጠየቅኳቸው" አለች። "መስጊዱ ዝግ ስለሆነ ደወልኩላቸው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ኢዳዬስ አልኳቸው።" ኢዳ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሳታጌጥ የምትቀመጠው ሐዘን ነው። "ኢዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው፣ ወሬው ከደረሰሽ ቀን አይደለም አሉኝ። ያንቺ ካለቀ ቆይቷል ልጄ አሉ። አላህ ይዘንለት ብለው ዘጉ።"

ውብነሽ ከንፈሯን መጠጠች። ሀዋ ዞር ብላ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየች። ሁለታችንም ያንን ድምፅ አዳመጥነው።

"ሐዘኔን ሳላውቀው ጨርሼዋለሁ ጋሽ ዓለም" አለች። "ድምፁ በጠፋበት ክረምት የጎረቤታችን የማሂራ ሠርግ ነበር። እኔ ነኝ ወንበር ያከራየሁት። ሒና ተቀብቼ፣ ጆሮ ጌጤን አድርጌ፣ እልል እያልኩ።"

 እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሰማኋት። ሌሎች ነገሮችም ነገረችኝ፤ እዚህ አልጽፋቸውም። ሲያበቃ ቦርሳዋን ከፍታ ፈቃዱን አወጣች።

"ይጻፉልኝ" አለች። "ሰው ሁሉ የሚለውን አይደለም፣ የሰሙትን።"

ጻፍኩ። በኦሮምኛ፣ በአምስቱ መስመር። ሸኩር በሁለት ሺህ አምስት ከኦቦክ ከደወለ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም አልኩ። በሁለት ሺህ ስድስት ሐምሌ አጋሮ ላይ፣ ወንበር እየገለበጠ ስለሚያይ የጅማ ሰው ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ሲያወሩ ሊጤ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዞሬ አልጠየቅኋቸውም አልኩ። ከዚያ ያለፈ ሳልጨምር ፈረምኩ። ውብነሽ ፈረመች። ሶሬሳም ተጠርቶ መጣ፤ የጻፍኩትን አነበበ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ፈረመ።

ሌንሳ ዘንድ ይዤ ገባሁ። በፕላስቲኩ በኩል አነበበችው። ሊጤ የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የኦሮሞ ልጅ ናት፤ የሚነገራት የለም።

"ኮሚቴው ይኼን ይቀበላል?" አልኳት።

"እኔ ነኝ የማስረዳቸው" አለች። ከዚያ ወደ ታች ጠቆመችኝ። "ጋሽዬ፣ የመጨረሻዋን አልሞላችሁም። ቤተሰብ መርዶ የሰማበት ቀን። እሷ ባዶ ከሆነች ሲስተሙ አያሳልፈኝም። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት አለሁ።"

ወረቀቱን ይዤ ወደ በረንዳው ተመለስኩ። ሦስቱም ተራርቀው ቆመዋል።

"ቀን ጎድሏል" አልኩ። "መርዶ የሰማሽበት ቀን። ማክሰኞ ብዬ ልጻፈው?"

ሀዋ አሰበች።

"ማክሰኞማ አላረዱኝም" አለች። "ማክሰኞ ይቅርታ ነው የጠየቁኝ።"

እውነቷን ነው። መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ሰው ሳይወጣ ሳይገባ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የሚከበሩ ሰዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ በር ይንኳኳል፤ ባለቤቱ ምነው በጠዋቱ ይላል፤ አንድ ሰው ይናገራል፤ ሌሎቹ ይይዙታል። እኔ በቀትር ሄጄ፣ ባልዲ መሐል፣ የራሴን ሸክም አራግፌ ነው የመጣሁት።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለች ውብነሽ።

"ነገ ይምጡልኝ" አለችኝ ሀዋ። "ለጾሙ ሱሁር ከበላሁ በኋላ አልተኛም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሦስታችሁም። ከኔ ጋር አራት እንሆናለን፤ አዋጁም አይከለክለንም። እኔ ምንም እንዳልሰማ ሰው በሩን እከፍታለሁ። ምነው በጠዋቱ እላለሁ። ያን ጊዜ ይነግሩኛል።"

"ሀዋ፣ እኔ እርግጠኛውን አላውቅም። ሞቷል ብዬ እንዴት አረዳሻለሁ?"

"የሰሙትን ይንገሩኝ። በሰሙበት ቋንቋ። እንደዚያ ቀን መርጠው አይስጡኝ።"

ሶሬሳ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ውብነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ወረቀቱን አየሁት፤ ለአንድ ቀን የሚበቃ ትንሽ ባዶ ቦታ ነው የቀረው።

"ወንበር እናምጣ?" አለ ሶሬሳ።

"ወንበርማ አለኝ" አለች ሀዋ።

ቀኑን ባዶ ተውኩት። ፎርሙን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ፊት ሆኜ በሯን ላንኳኳ፣ ምነው በጠዋቱ ስትለኝ ዓይኔን ሳልሰብር ያንን ቃል እንዳለ ልነግራት፣ እስክትጨርስ ድረስም ተቀምጬ ላዳምጣት፣ እሺ አልኳት።